የሸንኮራ አጥንት

ከብሩክስ ተነሥተን በይርዳው መኪና
ሁለት ሰዓት ነዳን፤ በረዶውም ገና
ከሜዳው አልለቀቀም። ሁዳዴ ተጋምሷል፤
ሆዳችን በምስር ተስፋ ቆርጦ ከርሟል።
«ካልገሪ» አልኩት፣ «የጾም ቤት አለ ይባላል፤
የቬትናሞች ነው፤ ወተት የለው፣ እንቁላል።»

እኔ፣
በሳምንት አምስት ሌሊት የብረት ጓንት ለብሼ፣
ያንኑ አንድ ቁራጭ መልሼ መላልሼ፣
ሰንሰለት ተሸክሞ ከሚያመጣው በሬ
ትከሻ ትከሻውን ስገነጥል አድሬ፣
ጠዋት ሽሮ እበላለሁ። ማን ምን ይለኛል?
እጄ ሥጋ ያውቃል፤ አፌ ግን ይጾማል።

ቤቱ ከጎማ ጠጋኝ፣ ከጥርስ ሐኪም መሃል
ተሸጉጦ አገኘነው፤ መስኮቱ ያልበዋል።
ገንዘብ መክፈያው ጋ ትንሽ ቡድሃ አለ፣
ብርቱካን ቀርቦለት ዐይኑን ጨፈን ያለ።
ይርዳው ሰረቅ አርጎ ሳይታይ አማተበ፤
ሜኑውንም ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበ፦
«ዳክዬ። በግ። ሽሪምፕ። የዶሮ እግር። ዓሣ።
ጾም ቤት ያልሽኝ ይሄ ነው? በይ አሁን እንነሣ!»

«ስሙ ነው እንጂ» አልኩት፣ «ገላው ስንዴ ነው፣
አኩሪ አተር፣ እንጉዳይ።»
          «ከሸሹት በኋላ ስሙን መጥራት ምነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሻይ ቀዳሁለት።

ከጎናችን ሁለት ፀጉራቸውን የተላጩ
መነኩሲቶች አሉ፣ ሾርባ እየማጉ የሚያፏጩ፤
እነሱን ባየ ጊዜ ይርዳው ትንሽ ረጋ፤
«መነኩሴ ከበላውማ…» አለና ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

መጣ። ሦስት የዶሮ እግር፣ ሰሊጥ የለበሰ፤
የይርዳው መነጽር በእንፋሎት ደፈረሰ።
ሹካውን ተውኩና በጣቴ ዳበስኩት፤
መገጣጠሚያውን ይዤ ጅማት ፈለግኩበት፤
ክሩ በየት እንደሮጠ ተከትዬ አየሁት።
በሥጋ ነገር እኔን ማታለል አይቻልም፦
ጅማቱ ትክክል ነው። ስቡ ብቻ የለም።
«ይህን የሠራ እጅ ከሥጋ ጋር ኖሯል»
አልኩኝ ለራሴ። ይርዳው አንዱን ጀምሯል።

ከመጋረጃው ኋላ ስታየኝ የነበረች፣
ወይዘሮ ዲየም ናት፣ እጇን እየጠረገች
መጣችና ቆመች። ፊቴን አላየችም፤
ያየችው እጄን ነው።
          «ብሩክስ?»
                    «አዎ፤ እንዴት አወቅሽ?» ምንም አላለችም፤
ቀኝ እጇን ዘረጋች፦ አውራ ጣቷ ታጥፎ
ቀርቷል፣ ልክ እንደ እኔው፣ ያለ ቢላ ቢላ አቅፎ።
«አሥራ አንድ ዓመት» አለች፤ «የጎድን መስመር ላይ።»
ቋንቋችን ተሰባብሮ፣ ጣት ከጣት ሲተያይ
ምንም አልጠፋንም።
          «ወጣሁ። እጄ ግን ሌላ ሥራ እምቢ አለኝ፤
ዱቄት ሰጠሁት።»
          ለምን እንደ ወጣች አልነገረችኝ፤
አልጠየቅኳትም።

በዚህ መሃል ይርዳው፣ ያ ሁሉ ክርክር
የት እንደ ገባ እንጃ፣ ሁለቱን ጨርሶ፣
እንደ ለመደው፣ ቅልጥም ፍለጋ፣ አጥንቱን ነክሶ
ቀጥ አለ።
«ይሄ አጥንት…» አለ፣ «ይሄ አጥንት ጣፋጭ ነው!»
ሸንኮራ ነበረ፤ እሷው ጠርባ የሰካችው።
ወይዘሮ ዲየም ሳቀች፣ አፏን በመዳፏ ሸፍና።
ይርዳው አፈረ፤
አጥንቱን ግን አልለቀቀም።
ሦስተኛውን እኔ በላሁ። አገዳውን መጠጥኩት፣ ክሩ ጥርሴ ውስጥ እስኪቀር።

ሰኞ ሌሊት። ሰንሰለቱ ተንቀሳቀሰ፤
የመጀመሪያው በሬ ከፊቴ ደረሰ።
ቢላዬ ሥጋውን አልፎ አጥንቱን ሲነካ
አፌ ምራቅ ሞላ። ጣፋጭ። እስካሁን ለካ
አልወጣም ሸንኮራው።
          ይሄስ መብላት ነው ወይ? ለነፍስ አባቴ
ከየት ልጀምርላቸው? ከአፌ? ከጣቴ?

ሰንሰለቱ አይጠብቅም። ሌላው በሬ መጣ።